ቆጣሪ የታሰረበት ልብ

ልቤ መዝለል የጀመረችው የደም ግፊት መድኃኒት መዋጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው። መዝለል ስል እንደ ጥጃ ትቦርቃለች ማለቴ አይደለም። ደህና ትመታ ትመታና በመሃል ተራዋ ሳይደርስ አንዲት ምት ታስገባለች። ከዚያ ጭጭ ትላለች። አለች ወይስ ሄደች እያልኩ ሳዳምጥ፣ ድብ! አድርጋ ከውስጥ ትመታኛለች። ሰክሮ አምሽቶ የመጣ ጎረምሳ በር እንደሚደበድበው ማለት ነው።

እኔ ሰበታ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነው። ወፍጮ ላይ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘው ችንጋ ይባላል፤ የላስቲክ ቀበቶ ነው። ችንጋው ሲላላ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ድንጋዩ ያንገራግራል፣ ከዚያ ድንገት ይይዘውና ቤቱ በሙሉ ይናጣል። እና የእኔም ልብ ችንጋዋ ላልቷል ብዬ አሰብኩ። የሰው ችንጋ የት እንደሚገኝ ስለማላውቅ የሱሪዬን ቀበቶ አንድ ቀዳዳ አጠበቅኩ። ለሁለት ቀን የተሻለኝ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ምሳ ከብዶኝ ፈታሁት።

መድኃኒቴ ሁለት ዓይነት ነው። አንዷ ጠባይዋ መልካም ነው፤ ገብታ ዝም ትላለች። ሌላዋ የምታሸናው ናት። እሷን ውጦ ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት የዋጠ ያውቀዋል። መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ቆሞ፣ መሃል ወንበር ላይ በሁለት ወፍራም ሰዎች መካከል ተጣብቀህ፣ የምታየው ዛፍ ሁሉ ይጠራሃል። ስለዚህ ቅዳሴ በምሄድበት ቀን አልውጣትም። ለቅሶ ካለ አልውጣትም። ከተማ የምወጣ ከሆነ ሽታዋንም አልፈልግም። ግን እኔ የሰው ሐቅ የማስቀር ሰው አይደለሁም። እድር ላይ ወር ያለፈው ሰው በሚቀጥለው ወር ውዝፉን አብሮ ይከፍላል። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። የዛሬዋን ከዘለልኩ ነገ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እውጣለሁ፤ አንዲቷ የዕለቱ፣ አንዲቷ ውዝፍ። ሦስት ቀን ለቅሶ ከተቀመጥኩማ በአራተኛው ቀን ከሽንት ቤት ደጃፍ አልርቅም።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔ እዚህ ለብቻዬ ነኝ፤ እሷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ ከተማ ቢሮ ትሠራለች። አንድ እሑድ ልትጠይቀኝ መጥታ ከተፍኪ ስለሚመጣው ጤፍ እየነገርኳት ሳለ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም። እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«ልቤን።»

ድብ! አለች። «መጣች» አልኩና ወሬዬን ቀጠልኩ።

ልጄን ወሬው አልጣማትም። ተነስታ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች። ደጅ ላይ ሰው ቢያየን ያሳፍራል ብትባል የምትሰማ አይደለችም፤ እልኋን ከእኔ ነው የወረሰችው። ትንሽ አዳመጠችና ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወፍጮው ይዘጋል» አለች። «ከእኔ ጋር ትኖራለህ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል። መጋረጃ ሳይቀር ሰቅያለሁ።»

«አራተኛ ፎቅ? ይች ልብ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች? ሁለተኛው ላይ ጥላኝ ነው የምትመለሰው።»

«ፎቅ መውጣት የማትችል ልብ ታዲያ ጆንያ እንዴት ትሸከማለች?»

መልስ ሳጣ ደግሞ ድምፄ ይጨምራል። እኔ ስጮህ እሷ ስትጮህ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሰምቶ መጣ። ጎረቤቴ ላሞች ያረባል። እኔ ኦቦ እለዋለሁ፣ እሱም ኦቦ ይለኛል፤ ከመንገድ ሰው «ኦቦ!» ብሎ ከተጣራ ሁለታችንም አቤት እንላለን።

«አካም ቡልተኒ?» አለ በኦሮምኛ በሩ ላይ ቆሞ፤ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው፣ ሰላም እንዳላደርን እያየ።

ልጄ ነገሩን ዘርዝራ ነገረችው። እሱም እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገና አዳመጠ። እዚህ አካባቢ ነገር እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ አንዱ በመሃል ይቀመጣል፣ ውል ይታሰራል። በዚያ ቀን የታሰረው ውል ይህ ነው። ልጄ ከተማ ወዳለ የልብ ሐኪም ትወስደኛለች። ምርመራው ልብህ ታማለች ካለ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ለእሷ አስረክቤ ኮዬ ፈጬ እገባለሁ።

«ደህና ናት ካለስ?» አልኩ።

«ዝም እላለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሁልጊዜ።»

ኦቦ ሳቀ። «የአንተ ልጅ ዝም ልትል?» አለኝ። «በል ተቀበል፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም።»

እጅ ለእጅ ተመታታን። እኔ ግን ቀልዱ አልገባኝም ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ሲነካኝ ይሰማኝ ነበር።

ሐኪሟ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። አስተኝታ በቀዝቃዛ ዘይት ደረቴን እያሸች በቴሌቪዥን ልቤን አየቻት። ደሜን አስወሰደች። ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ።

«አባባ፣ ልብዎ አልፎ አልፎ ጊዜው ሳይደርስ ቀድሞ ይመታል። ትርፍ ምት እንለዋለን። ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው። ግን መቼ መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሆነ ማየት አለብኝ። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት የሚቀዳ ማሽን እናስርልዎታለን።»

«አስራችሁ ከዚህ ታሳድሩኛላችሁ?»

«ኧረ ቤትዎ ይሂዱ። ማሽኑ ትንሽ ነው። እንደ ሁልጊዜው ይዋሉ፣ የሚሠሩትን ይሥሩ። ውኃ ብቻ አያስነኩት።»

ወንድ ነርስ መጥቶ ደረቴን በምላጭ ላጨኝ። ሚስቴ የሞተች ጊዜ ራሴን ተላጭቻለሁ፤ ደረቴን ግን ለማንም ሐዘን ተላጭቼ አላውቅም። እዚህም እዚያም ፕላስተር ለጠፈ፣ በየፕላስተሩ ሽቦ ሰካ፣ የሽቦዎቹን ጫፍ ሰብስቦ ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ከፍ ያለች ሳጥን ውስጥ አስገባና ወገቤ ላይ አሰራት። ሳጥኗ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል።

ልጄ ወደ ቢሮዋ ሄደች፣ ማታ መጥታ እኔ ዘንድ ልታድር። እኔ በታክሲ ወደ ሰበታ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ሐኪሟ «የሚሠሩትን ይሥሩ» ብላለች። ይህ ግን ቆጣሪ የማያውቅ ሰው ምክር ነው። እኔ የመብራት ቆጣሪ ሥር ነው የኖርኩት። ሞተር ሲነሳ ቆጣሪው ይሮጣል። ሞተር ከጠፋ ቆሞ ይውላል። ይህችም ሳጥን የልብ ቆጣሪ ናት። እንግዲያው ሞተር አላስነሳም። አልሸከምም፣ አልቆጣም፣ ከወንበር አልነሳም። የምትቆጥረው አጥታ ባዶዋን ትመለሳለች፣ ቁልፌም ኪሴ ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም ይህን እስካሁን ሌላ ሰው አለማሰቡ ገረመኝ።

ቤት ደረስኩ። የወፍጮ ቤቱን በር ዘግቼ ከውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዓርብ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ዘግቼ አላውቅም።

እንደተቀመጥኩ ጀመረች። ድብ! ዝም። ድብ! ዝም። እንደዚያ ቀን ሆና አታውቅም። ዝም ብዬ በተቀመጥኩ ቁጥር እሷ ትብሳለች። ትንፋሼን ቀስ አደረግኩ፣ ባሰባት። አባታችን ሆይ አልኩ፣ «ዕለት ዕለት» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ አከታትላ መታችኝ። ወገቤን ሳይ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ይላል። ለቅማ ለቅማ እየያዘችብኝ ነው።

ኦቦ መጣ። በር ከፍቶ ሌላ ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ።

«ልጅህ ደውላ አደራ ብላኛለች» አለ። «እንዳትናደድ ልጠብቅህ ነው የመጣሁት።»

«እስክትመጣ ድረስ አልተናደድኩም ነበር።»

«እስቲ ልየው።» እጁን ሸሚዜ ላይ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ እጁን ሰበሰበ። «ያ ዋቅ! አምላኬ! ይሄ እኮ ጥጃ ነው!»

«ቀስ በል!» አልኩት። «ሳጥኗ ትሰማለች።»

ሁለታችንም ሳጥኗን አየናት። ልብ የምትቀዳ ከሆነች ወሬ የማትቀዳበት ምክንያት አልታየንም። ከዚያ በኋላ ልጄን ስናማ እየተንሾካሾክን ነበር። እሱ በሹክሹክታ ስለ አንዲት የታመመች ላሙ አጫወተኝ፤ እንዳልናደድ ደስ የሚል ወሬ መምረጡ ነው። ላሟ ጤነኛ ትመስል ነበር፣ ትበላ ነበር፣ ቆማ ሳለች ዝም ብላ ወደቀች አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አረድናት።»

ድብ! አለች ልቤ።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ሰፈር ያሉት እማማ ናቸው፤ ስንዴ በማዳበሪያ ከረጢት አሸክመው መጥተዋል። እሳቸውን የማያውቅ የለም፣ በሰፈሩ ማኅበር ያለ እሳቸው ዳቦ አይቆረስም።

«ምነው ተዘጋ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ።»

«ሰው ሳይሞት ዓርብ ወፍጮ ይዘጋል?»

«ልቤ እየተቆጠረች ነው።» ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ ሽቦውን አሳየኋቸው።

ጠጋ ብለው አዩት። አማተቡ። «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉ። «ትቆጠር። ማን ከለከላት? የእኔ ስንዴ ግን ነገ ማኅበር አለበት።»

«ዛሬ ሞተር አይነሳም።»

ኦቦ ከኋላዬ ሆኖ «አይናደድ፣ እማማ፣ አይናደድ» ይላል።

እማማ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ለእኔው በሚያዝን ድምፅ፣ «እንግዲህ ማዶ እሄዳለሁ» አሉ። «እዚያ የተከፈተው አዲሱ ወፍጮ ዱቄቱ እንደ ሐር ነው እያሉኝ እኔ ነኝ እንቢ እያልኩ አንተ ጋ የምመጣው።»

እንደ ሐር! ያ ሰውዬ ድንጋይ ወቅሮ አያውቅም። ድንጋዩ ለስልሶ ለስልሶ እንደ ሰሐን ሆኗል። የሱ ዱቄት እንደ ሐር ሳይሆን እንደ ጠጠር ነው፤ የበላው ሰው ጥርስ ይመስክር። ይህን ሁሉ ቆሜ እየተናገርኩ እንደሆነ ያወቅኩት ወንበሩ ከኋላዬ ሲወድቅ ነው።

«ተቀመጥ! ኦቦ ተቀመጥ! ልብህ!» ይላል ጎረቤቴ።

«ከረጢቱን አምጡት» አልኩ።

ሞተሩን አስነሳሁት። የወፍጮ ድምፅ በሰፈር ውስጥ እንደ ደወል ነው፤ ተዘግቷል ብሎ የተመለሰ ሁሉ ተመልሶ መጣ። በርበሬ የያዘች መጣች፣ ሽሮ የያዘች መጣች፣ አንዱ ጤፉን በጋሪ ጭኖ መጣ። ሽቦዬን ሸሚዜ ውስጥ ጎስጉሼ ከረጢት አነሳለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ ተራዬ ነው የሚሉትን እገላግላለሁ። በርበሬ ከሽሮ በፊት አይፈጭም ብዬ ከአንዷ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ኦቦ ጥግ ላይ ዱቄት ለብሶ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ እየመታ ይጮሃል።

«ልብህ!»

«ምን?»

«ልብህ እላለሁ!»

«አልሰማህም! ቀጥሎ ማነው?»

የመጨረሻው ሰው ሲሄድ መሽቶ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁት። ሞተር ሲጠፋ የሚመጣው ዝምታ ጆሮ ያምማል። እዚያ ዝምታ ውስጥ ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ልቤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጠበቅኳት። አትዘልም። ምን አቅዳ ይሆን እያልኩ ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች።

ከራሴ እስከ እግሬ ነጭ ነኝ። ወገቤ ላይ ያለችው ሳጥን እንኳን ዱቄት ለብሳ ከውስጥ አረንጓዴ ታበራለች።

ልጄ ስትናደድ አንተ ማለት ትተዋለች።

«እርስዎ ሰው ነዎት?» አለችኝ። «እስቲ ይንገሩኝ፣ እርስዎ ሰው ነዎት?»

«እማማ ማኅበር ስላለባቸው ነው።»

«ኦቦስ? ኦቦ የት ሄዱ?»

ኦቦ ከጥጉ ሆኖ አስነጠሰ።

ያን ማታ ሽሮ ሠራችልኝ፣ በላን። እኔ ቁልፉ እንደሄደ ቆጥሬዋለሁ። ከሰዓቱን ቁጭ ብዬ ሳሳልፍ የዘለለችውን ሁሉ ሳጥኗ ይዛለች፤ ከዚያ በኋላ የተሸከምኩትን ደግሞ ማን ያውቃል እንዴት እንደጻፈችው። ኮዬ ፈጬን መጥፎ ነው አልልም። ሰው ይኖርበታል። ግን ስለ ዱቄት ከእኔ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው እዚያ ማን አለ? መስኮት ላይ ተቀምጬ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ስቆጥር ልውል ነው። ልጄ መጋረጃው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ልትነግረኝ ጀምራ ፊቴን አየችና ተወችው።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኗን ልንመልስ ተነሳን። ከተማው መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ፤ ተሳፋሪ በሙሉ ይወርዳል፣ ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በአንድ በኩል ይሰለፋል። ወጣቱ ፈታሽ እጁን ከብብቴ ጀምሮ እያወረደ መጣ። ሽቦው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሳጥኗ ጋ ሲደርስ እጁን እንደ እሳት ሰበሰበው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልቤ ነው።»

«ከላይ ያለው!»

«የልቤ ቆጣሪ ነው።»

ወደ ኋላ ሄደ። እኔን የከበበኝ ሰልፍም አብሮት ወደ ኋላ ሄደ፤ ለብቻዬ ሜዳ ላይ ቀረሁ። በዚህ ላይ ልጄ ከሴቶቹ ሰልፍ «አባቴ ነው! እንዳትነኩት!» እያለች ስትሮጥ መጣች። እንዳትነኩት የሚለውን ሲሰሙ የቀሩትም ሸሹ። ልጄ ደርሳ ሸሚዜን በሁለት እጇ ከፈተችው። የተላጨ ደረት፣ ፕላስተር፣ ሽቦ። ረዳቱ ከታክሲው በር ላይ ሆኖ ወደ ሾፌሩ ተጣራ።

«ሾፌር! ቻርጅ ላይ ያለ ሰው ነው የጫንነው!»

ሰው መሳቅ ሲጀምር አለቃቸው መጣ። ጠና ያለ ሰው ነው። ወደ እኔ ቀረብ አለ፣ ሽቦውን አየ፣ ፊቴን አየ።

«ግፊት ነው እንዴ?»

«ግፊትም አለ።»

«የሚያሸናውን ይወስዳሉ?»

«ዛሬ አልወሰድኩም፣ መንገድ ስላለብኝ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ተረኛ የሆንኩ ቀን አልወስዳትም» አለኝ። ከዚያ ጮክ ብሎ «ይለፉ! ይለፉ!» አለ።

ሐኪሟ ሳጥኗን ኮምፒዩተር ላይ ሰክታ ብዙ አየች። እኔ የምመለከተው እሷን ነው። ልጄ የምትመለከተው እኔን ነው። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ይዤዋለሁ፤ መስጠቴ ካልቀረ እንደ ወንድ ልስጥ ብዬ።

«አባባ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን እየሠሩ ነበር?»

«ምንም! በእግዜር ስም ቁጭ ብዬ ነበር።»

«እዚህ ጋ ትርፍ ምቱ በጣም በዝቷል። ከዚያ ወደ ማምሻው ይዩት፣ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። በዚህ ሰዓት ልብዎ ፈጠን ፈጠን ይላል እንጂ አይዘልም። እዚህ ጋስ ምን ሠሩ?»

ቁልፉን በእጄ አገላበጥኩት።

«ተናገራ!» አለች ልጄ።

«ጆንያ ተሸከምኩ።»

ሐኪሟ ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እሷ ግን «ጥሩ» አለች። የልቤን ሥጋ በቴሌቪዥኑ አይታዋለች፣ ደህና ነው። ሲያርፉ የሚመጣ፣ ሲሠሩ የሚጠፋ ትርፍ ምት ብዙ ጊዜ የማያሰጋው ዓይነት ነው አለች። ራስዎን ካዞረዎት ወይም ከወደቁ ግን አንድ ቀን ሳያድሩ ይምጡ አለችኝ። ከዚያ የደሜን ወረቀት አነሳች። ፖታሺየም የሚባል ጨው በደሜ ውስጥ አንሷል፣ ለመዝለሏ እሱም ምክንያት ሊሆን ይችላል አለች።

«የሚያሸናውን ክኒን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«በደንብ ነው የምወስደው። አንድ አላስቀርም። ለቅሶ ያለ ቀን ከዘለልኩ በማግስቱ ከነውዝፉ ነው የምውጠው።»

«ከነ ምኑ?»

«ከነውዝፉ። ሦስት ቀን ከቀረሁ በአራተኛው…»

ሐኪሟ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የደነገጠች መስሎኝ ነበር፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቋን ያወቅኩት። ልጄ አልሳቀችም። ልጄ ጣሪያውን ነው የምታየው።

«አባባ» አለች ሐኪሟ ዓይኗን እየጠረገች፣ «መድኃኒት ውዝፍ የለውም። ያመለጠው አምልጧል፣ ይቅር ብለው ይተዉት።»

ያችን ክኒን በሌላ ለወጠችልኝ። ሙዝና ድንች ይብሉ አለችኝ፤ ደሜን ደግማ ልታየው ቀጠሮ ሰጠችኝ። ቁልፉን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ስንመለስ ልጄ እንደ ውሏ ዝም አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ መስኮቱን ብቻ ታያለች። ከጩኸቷ ዝምታዋ የከፋ መሆኑን ለካ ኦቦም አላወቀም። ሰበታ ልንገባ ስንል፣ ዓለም ገና ላይ፣ እኔው ራሴ «ተናገሪ እንጂ» አልኳት።

«ደረጃው» አለች።

«የትኛው ደረጃ?»

«ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን መጥተህ አታውቅም። ልቤ ፎቅ አይወጣም አልክ። ዛሬ ሥራ ለልብህ ጥሩ ነው ተባለ። አሁንስ ምን ልትል ነው?»

በገዛ ሐኪሜ ያዘችኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ያልሄድኩት ለደረጃው ብዬ አልነበረም። አንዴ እግሬ ከገባ አታስወጣኝም ብዬ ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። አውቶቡሱ ያወረደኝ ቦታ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ሙዝ ገዝታለች፣ ድንች ገዝታለች፣ አንድ ሰፈር የሚመግብ። ደረጃውን ጀመርን። አንደኛ። ሁለተኛ። ልቤን አዳመጥኳት፣ እንደ ጠዋት ሞተር ናት። ሦስተኛው ላይ ዞር ስል ልጄ የለችም። ታች ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ፌስታሎቿን በሁለት ጎኗ አድርጋ ታለከልካለች።

«ልብሽ ናት?» አልኳት።

«ጫማዬ ነው።»

ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቿ «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ በመሃላችን ያልፋሉ።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስደውል የማታነሳ ጊዜ አለ አይደል? ወፍጮው እየጮኸ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንተ እስክታነሳ እኔ ቢሮ ሆኜ እቀብርሃለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ እቀብርሃለሁ።»

እኔ ቁልፌን እንጂ ይህን አስቤው አላውቅም።

«ብዙ ሰው መጣ?» አልኳት።

«የት?»

«ቀብሬ ላይ።»

አየችኝ። «መጥቷል» አለች። «እማማ ማዶ ያለው ወፍጮ እንደሚሻል እያወሩ ነበር።»

«እዚያም!»

ደረጃው ላይ ተቀምጠን እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ አዲስ ውል አሰርን፣ ያለ ሽማግሌ። ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ እኔው እደውልላታለሁ። ከረሳሁ ለኦቦ ትደውላለች፤ እሱ ላም ሲያልብም ስልክ ያነሳል። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል። በወር አንድ እሑድ ግን ደረጃው የእኔ ነው።

ቤቷ ገባሁ። መጋረጃው ቢጫ ነው፣ ጥሩ ነው። ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ሶፋው ሰው የሚውጥ ዓይነት ነው። እግሬን ዘርግቼ፣ ሙዝ ይዤ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ወዲያው ድብ! አለች። ልጄ ፊቴን አየችው።

«ዘለለች?»

«ዘለለች።»

ያኔ «ወፍጮው ይዘጋል» ስትል የነበረችው ልጅ ወደ በሩ ሄዳ ባዶ ጀሪካን አነሳች። ውኃ በሳምንት ጥቂት ቀን ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ከታች ነው የሚቀዳው።

«ተነስ በላ» አለችኝ። «ልብህን ይዘሃት ውረድ።»

አንዱን ጀሪካን እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን ወረድን፣ ሰልፍ ጠብቀን ቀዳን። ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልቤ መዝለሏን ትታለች። ልጄ ሦስተኛው ላይ ጫማዋን አወለቀች።